የጥሩወርቅ እጅ

ጥሩወርቅ መሞቷን ስሰማ መጀመሪያ ከአፌ የወጣው «ነፍስ ይማር» አልነበረም። «ስንት ሰዓት ሆናት?» ነበር ያልሁት።

የደወለልኝ ታናሽ ወንድሟ ይኸነው ነው፣ ከቁይ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ በረንዳዬ ላይ ፀሐይ እየሞቅሁ ነበር። በእኔ ዕድሜ ስልክ ጮሆ የሞት ወሬ ሲመጣ እስከ መጨረሻው በጥሞና ማዳመጥ ደግ ነው፤ የሞተው እኔ አለመሆኔን ማረጋገጥ አለብኝ።

«ጋሽ ምንይችል፣ እህቴ ዐረፈች» አለኝ።

«ስንት ሰዓት ሆናት?»

ጥያቄዬ እንግዳ ሳይሆንበት አልቀረም። ጨዋ ልጅ ስለሆነ ግን በደግ ተረጎመልኝ። «ትናንት ንጋት ላይ ነው፣ አሥራ ሁለት ሰዓት። የሳንባ ምች ነው ያሉን። ከአዲስ አበባ እህታችን እስክትደርስ ብለን አቆየናት እንጂ ትናንት እንቀብራት ነበር። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ነው ቀብሩ። ይደርሳሉ ጋሼ፣ አይጨነቁ።»

ለቀብሩ እንዳልዘገይ የጠየቅሁ መስሎታል። እኔ ግን ስልኩን በአንድ እጄ ይዤ የሌላውን እጄን ጣቶች እያጠፍሁ እቆጥር ነበር። ትናንት ከንጋቱ አሥራ ሁለት እስከ ዛሬ ዘጠኝ። ሁለት ጊዜ ተሳስቼ በሦስተኛው አገኘሁት፤ ሠላሳ ሦስት ሰዓት።

ሠላሳ ሦስት ሰዓት የሞላው ሥጋ ውስጥ ምን እንደሚደረግ የሚያውቅ ጡረተኛ በደብረ ማርቆስ ከተማ ከእኔ በቀር ያለ አይመስለኝም። አዋቂ ሆኜ አይደለም። ያሳየችኝ ጥሩወርቅ ናት። ካሳየችኝ ቀን ጀምሮ ለቅሶ ቤት ገብቼ ሰዓት ሳልቆጥር ወጥቼ አላውቅም። ሰው እንባውን ሲያብስ እኔ ሰዓቴን አያለሁ። ሰዉም «ምንይችል ቀብር አልቆ ንፍሮው እስኪቀርብ ቸኩሏል» ይለኛል። ይበለኝ።

እሷን ባወቅሁበት ጊዜ ኮሌጅ ውስጥ የላቦራቶሪ ረዳት ነበርሁ። «ረዳት» ብሎ ያከበረኝ ደብዳቤው ነው፤ ሥራዬ ብልቃጥ ማጠብ፣ ጠረጴዛ መወልወልና መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩን መለማመጥ ነበር። ከዚያ በፊት ሃያ ዓመት በወረዳ መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ። አለቃዬ ያዛወረኝ ከአቧራው ሊገላግለኝ እንደሆነ ነግሮኛል፤ አቧራውን ከእኔ ሊገላግለው ይሆናል፣ አልመረመርሁም።

ጥሩወርቅ ለሦስተኛ ዲግሪዋ ምርምር ልትሠራ የመጣችው በክረምት ነው። ጭጋጉ ኮሪደሩ ውስጥ ድረስ ገብቶ ነበር። ከዚያ ጭጋግ ውስጥ ነጭ ጋዎን የለበሰች፣ አንገተ ረጅም፣ ስትራመድ ኮቴዋ የማይሰማ ሴት ብቅ አለች። እጄን ዘረጋሁላት። እሷ ግን ሁለቱንም እጆቿን ወደ ኋላዋ አደረገች።

«እዚህ ክፍል ውስጥ እጅ አንሰጣጥም ጋሼ» አለችኝ።

«በሽታ አለብኝ እንዴ?»

«ላብ አለብዎት። የምፈልገውን ነገር የሚበላ ነገር በላብዎ ውስጥ አለ። በእኔም ላይ አለ። በሰው ሁሉ ቆዳ ላይ፣ በትንፋሹ፣ በቧንቧ ውኃው ውስጥ፣ ሁሉም ቦታ አለ። አንዲት ጠብታ ብትነካው የወራት ሥራ ታጠፋለች።»

«ምንድን ነው እንዲህ የሚበላሽ የምትፈልጊው?»

«የሕዋስ ግልባጭ።»

ግልባጭ ከሆነ ሃያ ዓመት አውጥቻለሁ ብዬ ደረቴን ነፋሁ። እሷ አልሳቀችም። ራሷን ወደ ትከሻዋ ዘንበል አድርጋ፣ ከሩቅ የሚመጣ ነገር የምታዳምጥ ይመስል፣ ረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ «እንግዲያው ይገባዎታል» አለች። ሰው ሁሉ «ምንይችል አይገባውም» እያለ ላረጀ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። በዚህች ቃል ገዛችኝ።

«ሰውነትዎ ውስጥ ስፍር ቁጥር የሌለው ሕዋስ አለ» አለችኝ። «በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ መዝገብ ቤት አለ ይበሉ። መዝገቡ በሁሉም ውስጥ ያው ነው። ስለ ዓይኑም፣ ስለ ጉበቱም፣ ስለ ተረከዙም ተጽፎበታል። ዲ ኤን ኤ የሚባለው እሱ ነው። ዋናው መዝገብ ከክፍሉ አይወጣም።»

«ልክ ነው። እንኳን እኛ የወረዳው አስተዳዳሪም አያስወጣው።»

«ታዲያ ሥራ ሲመጣስ?»

«ኃላፊው ይመራበታል፣ ግልባጭ ይወጣል። ያልተመራበት ፋይል አይከፈትም።»

«አዩ፣ እንደዚያው ነው።» አር ኤን ኤ የሚባለው ያ ግልባጭ ነው አለችኝ። መጀመሪያ ሲወጣ ረጅምና ዝብርቅርቅ ነው፤ የማይፈለገው ቁራጭ እየተቆረጠ ይጣላል፣ የሚፈለገው እርስ በእርሱ ይቀጣጠላል። እንደ አቆራረጡም ከአንድ ፋይል ሁለት ሦስት ዓይነት ደብዳቤ ይወጣል። ቶሎ እንዳይበላ ራሱ ላይ ቆብ ይደፋለታል፣ ከኋላው ጅራት ይቀጠልለታል፣ ከዚያ ከክፍሉ ይወጣና ፕሮቲን የሚሠራው በእሱ ትእዛዝ ነው። ሥራው ሲያልቅ ይጠፋል። ስለዚህ ግልባጩን ሳይጠፋ የያዘ ሰው፣ ያ ሥጋ በዚያች ሰዓት ምን እየሠራ እንደነበር ያውቃል።

«የጆሮዎ ሕዋስ የጉበትዎን ፋይል ይዟል» አለችኝ ስትጨርስ። «እንዳይከፍተው ታሽጎበት ነው እንጂ።»

ያን ሳምንት ጆሮዬን ስነካካ ከረምሁ። ባለቤቴ «አመመህ?» አለችኝ። «ጉበቴን እየፈለግሁት ነው» አልኋት። የተናገርሁት ለቀልድ ነበር፤ ግን እጄን ከጆሮዬ ላይ ሳነሳ በረደኝ።

ጥሩወርቅ ላቦራቶሪ ውስጥ አትቀመጥም። ሁለት ዓመት አብረን ስንሠራ ወንበር ላይ አረፍ ስትል አላየኋትም። ትልቁን ፍሪዘር ከመክፈቷ በፊት በጣቷ አንጓ ሁለቴ ታንኳኳለች። ለምን እንደምታንኳኳ ብጠይቃት «ያረፈ ነገር ላይ ድንገት አይገባም» አለችኝ። ስትናገር ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች፤ የምትናገረውን ለመስማት ሰው ሁሉ ወደ እሷ ያዘነብላል፣ ሲያዘነብል ደግሞ «ትንፋሽዎን» ብላ ታርቀዋለች። ጓንት አጥልቃ፣ በጓንቱ ላይ አልኮል አፍስሳ፣ እጆቿን እንደሚቀድስ ቄስ ከፍ አድርጋ ይዛ ነበር የምትንቀሳቀሰው።

የምትመረምረው የበግ ጆሮ ነበር።

በሳምንት ሁለት ቀን ማለዳ በረዶ የሞላ ሣጥን ተሸክሜ ተከትያት ወደ ቄራ እሄዳለሁ። በጉ እንደታረደ ጆሮውን ትቀበላለች፤ ሥጋ ሻጩ ለጆሮ ዋጋ የለውም ብሎ በነፃ ይሰጣታል።

«መምህርት፣ እንደው ይችን ጆሮ ምን ትሠራባታለሽ?» አላት አንድ ቀን።

«አዳምጥባታለሁ።»

ሰውየው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም፤ ትንሽ ቆይቶ እኛም ተውነው።

ጆሮዎቹን በየሳህናቸው አድርጋ የመስታወት በር ባለው ቁም ሣጥን ውስጥ ትደረድራቸዋለች። ከእያንዳንዱ በየሰዓቱ የጥፍር ታህል ትቆርጣለች፤ እንደታረደ፣ በስድስት ሰዓት፣ በአሥራ ሁለት፣ በማግሥቱ፣ በሁለተኛው ቀን። የቆረጠችውን ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ከትታ ፍሪዘር ትከትታለች። በሳህኖቹ ላይ የምትለጥፈው ወረቀት የሚናገረው የሰዓቱን ቁጥር ብቻ ነው። እኔ ጠዋት ስገባ ያ የጆሮ ሰልፍ በመስታወቱ ውስጥ ይቀበለኛል። «እንደምን አደራችሁ» ማለት ለምዶብኝ ነበር። ዘግይቶ የገባኝ፣ የሚያስፈራው ሰላምታው ሳይሆን መልስ መጠበቄ ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን ረፋድ ላይ ጠራችኝ። ውጭው በጭጋግ ተሸፍኖ መስኮቱ ነጭ ሆኗል። የኮምፒውተሩ መስታወት ላይ ብዙ መስመሮች አሉ።

«እያንዳንዱ መስመር የአንድ ፋይል ግልባጭ ብዛት ነው። ይሄ ከታረደ በሁለተኛው ቀን ነው» አለችኝ። «አብዛኛው መስመር ይወርዳል። ሞቷልና መውረድ አለበት። እነዚህን ግን ይዩአቸው።»

መነጽሬን አወለቅሁ፣ ወለወልሁ፣ መልሼ አደረግሁ። «ይወጣሉ» አልሁ።

«ይወጣሉ።»

«ምን ብለው ነው የሚወጡ?»

«ይሄኛው ፋይል፣ ጂን የምንለው፣ በጉ በእናቱ ሆድ ሳለ ብቻ ነው የሚገለበጠው። ጆሮው ሲበጅ። ከዚያ ይታሸጋል፣ በዕድሜው ሙሉ አይከፈትም። አሁን፣ ከታረደ በሁለተኛው ቀን፣ እየተገለበጠ ነው።»

ስትናገር ጣቷን መስታወቱ ላይ አላሳረፈችም፤ ከመስታወቱ ትንሽ ራቅ አድርጋ በአየር ላይ ነበር የምታመለክተው። ውጭ አገር በዓሣና በአይጥ ላይ የታየ ነገር ነው አለችኝ። እሷ በእኛ ብርድ፣ በእኛ በግ ላይ እውነት መሆኑንና ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ልታሳይ ነበር። ዲግሪዋ በዚህ ላይ ነው የቆመው።

«ማነው የከፈተው?» አልኋት።

«ማንም አልከፈተውም። ፋይል ዘግቶ መያዝ ራሱ ሥራ ነው ጋሼ፣ በየሰዓቱ ጉልበት ይፈልጋል። ሲሞት ጉልበቱ ያልቃል፣ ማኅተሙ ይላላል። ዘበኛው የለም፤ ጸሐፊው ግን ገና መርዶውን አልሰማም። ያገኘውን ይገለብጣል።»

«ታዲያ በሕይወት አለ ማለት ነው?»

«አይደለም። መገልበጥ መኖር አይደለም። መስማትም ማወቅም አይደለም። ይህን አጥብቀው ይያዙልኝ፤ ሰው ይህን ስነግረው ሌላ ነገር ነው የሚሰማው።»

«እኔስ ስሞት እንዲሁ ይሆናል?»

ራሷን ዘንበል አድርጋ አሰበችበት። «ባይሆን ነው የሚገርመኝ» አለች።

ያን ወር ላለመሞት ወሰንሁ። ጾም ሳይሆን ሥጋ መብላትም አቆምሁ። ባለቤቴ መንፈሳዊ ሆንህ ብላ ደስ አላት።

አሁን ወደ ጥፋቴ እመጣለሁ። እስካሁን በቀልድ ስዞረው የቆየሁት እንዳልደርስበት ነው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ብቻዬን ገባሁ። ጥሩወርቅ እናቷን ልትጠይቅ ቁይ ሄዳለች። መብራት የለም፤ ፍሪዘሩ በጄኔሬተር ነው፣ ክፍሉ ግን ጨልሟል። ወደ ቁም ሣጥኑ አየሁ። ሁለተኛ ቀኗን የያዘች አንዲት ጆሮ ነበረች። ዓርብ ስወጣ ቀዳዳዋ ወደ ግድግዳው ነበር። አሁን ወደ በሩ ዞራለች። ወደ እኔ።

ዓይኔ ሞራ እንዳለበት አውቃለሁ። ዓርብ ስወለውል ሳህኑን ራሴው አዙሬው ይሆናል፤ ዛሬ እንደዚያ ነው የማምነው። ያን ጊዜ ግን እየሰማችኝ ነው ብዬ አመንሁ። ወጥቼ ቤቴ ሄድሁና ባለቤቴ ከምንጩ ያመጣችውን ጠበል በፕላስቲክ ጠርሙስ ይዤ ተመለስሁ። በጆሮዎቹ ላይ ረጨሁ። በጠረጴዛው ላይ ረጨሁ። በፍሪዘሩ በር ላይ ረጨሁ። ቀጥሎም ያቺ ትንሽ ጠርሙስ ዓይኔ ገባች። ጥሩወርቅ ብልቃጦቹን ሁሉ የምትቀላቅልበት፣ ከምንም ነገር የጠራች ውኃ የያዘች ጠርሙስ ናት። ከፈትኋትና በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ ብዬ ሦስት ጠብታ ጨመርሁባት።

ሕጉን አላውቅም ነበር ማለት አልችልም። ሁለት ዓመት ሙሉ የገባውን ሰው ሁሉ «ውኃ እንዳታስገባ፣ እጅህን እንዳታሳርፍ» እያልሁ በሩ ላይ የምጮኸው እኔ ነበርሁ። ግን ጠበል ውኃ ነው ብዬ አላሰብሁም። ጠበል በእምነት ሕመምን ያርቃል፤ ብልቃጥ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን የጠየቅሁት ሰው የለም፤ ብጠይቅ የሰበካችን ቄስም «እዚያ ምን አገባህ» ብለው በመቋሚያ ባባረሩኝ ነበር። ጥፋቱ የጠበሉ አይደለም። የእኔ ነው።

ሰኞ ጥሩወርቅ ተመልሳ ለመጨረሻው ሥራ ተነሣች። ሁለት ዓመት ከሰበሰበችው ሁሉ ለማረጋገጫ ያስቀመጠችውን ጭምር አንድም ሳታስቀር አወጣች። ፈታኞቹ አንድ ጊዜ ያየሽውን ድገሚውና አሳዪን ብለዋት ነበር። የመመርመሪያ መድኃኒቶቹም እያለቁ ነው፤ ከውጭ እስኪመጡ፣ መንገዱም በሚዘጋበትና በሚከፈትበት በዚህ ዘመን፣ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ እግዜር ይወቅ። ሦስት ቀን ሠራች። በሦስተኛው ቀን መስታወቱ ላይ መስመሮቹ ወጡ።

አንድም ወደ ላይ የወጣ መስመር የለም። ወደ ታች የወረደም የለም። ሁሉም ተኝተዋል። እንደታረደ የተቆረጠው፣ ትኩሱ ራሱ፣ ዝም ብሏል።

ልናገረው ያሳፍረኛል፣ ደስ አለኝ። ዝም አሰኘኋቸው ብዬ ነው። ከዚያ ዞር ስል ጥሩወርቅን ወለሉ ላይ ተቀምጣ አየኋት። ሁለት ዓመት ያልተቀመጠች ሴት ጀርባዋን ለፍሪዘሩ ሰጥታ፣ እግሮቿን ዘርግታ፣ ጓንቷን እያወለቀች እጆቿን ታያለች።

«ምን ሆነሽ?» አልኋት።

«ተበልተዋል።»

«ምናቸው?»

«ግልባጮቹ። ሁሉም። የሆነ ነገር ገብቶ በልቷቸዋል፤ ሌላ ቦታ የለም፣ ከእጄ ነው።» እጆቿን ገለባበጠቻቸው። «ከእጄ ነው ጋሼ።»

ያኔ ነው የገባኝ። የገባኝም በአንድ ጊዜ፣ ከእግሬ ጀምሮ ነው። ለምን ያን ሰዓት አልተናገርሁም? ጡረታ ለመውጣት ስምንት ወር ቀርቶኝ ነበር። አፍሬም ነበር። ከሁሉ የከፋው ምክንያት ግን ሌላ ነው፤ ነገ እነግራታለሁ ብዬ ነበር።

ነገ ሌላ ነገር ሆነ። ከፈታኞቹ አንዱ የጻፈው ደብዳቤ መጣ። ከደብዳቤው ውስጥ ያስታወስሁት አንድ ሐረግ ነው፤ «የሠሪዋ እጅ አስተማማኝ ስላልሆነ»። የመጀመሪያው ውጤትም በዚሁ እጅ የተገኘ በመሆኑ አይታመንም ይላል። በወሬ ደግሞ ይህ «ፈጥራ ነው የጻፈችው» ሆኖ ግቢውን ዞረ።

ጥሩወርቅ መታጠብ ጀመረች። ጠዋት ስገባ ትታጠባለች፣ ምሳ ሄጄ ስመለስ ትታጠባለች። ቆዳዋ ተልጦ በፋሻ እስክትጠቀልለው ድረስ። እኔ ፎጣ አቀብላታለሁ። ፎጣ በማቀበል ጎበዝ ነበርሁ። ከሁለት ወር በኋላ ትምህርቷን አቋርጣ ሻንጣዋን ይዛ በሩ ላይ ቆመች።

«ጋሼ፣ ከእኔ በኋላ የሚመጣ ሰው ካለ፣ እኔ የነካሁትን ሁሉ ይጣሉበት» አለችኝ።

አፌን ከፈትሁ። «መልካም መንገድ» አልሁ። ይህችን ነበር ያገኘኋት።

አራት ዓመት አለፈ። ቁይ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ታስተምራለች፣ ጠመኔ እንኳ በጓንት ነው የምትይዘው ሲሉ ሰማሁ። ሄጄ ልነግራት በየዓመቱ አሥር ጊዜ ተነሥቻለሁ። አንድ ጊዜ ጉልበቴ አመመኝ፣ አንድ ጊዜ ክረምት ሆነ፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ መንገዱ ተዘጋ። መንገዱ ሲዘጋ ሰው ሁሉ ሲያዝን እኔ ደስ ይለኝ ነበር።

የቀብሯ ዕለት ግን መንገዱ ክፍት ነበር። ሚኒባሱ ውስጥ ከሾፌሩ ኋላ ተቀምጬ በየመንደሩ ሰዓት አያለሁ። ሃያ ዘጠኝ። ሠላሳ። መስኮቱ ላይ ጭጋጉ ተለጥፏል። በእኔ ቤት እየቸኮልሁ ነው፤ መስመሮቹ ሳይወርዱ ልደርስላት። መገልበጥ መስማት አይደለም ብላኛለች፣ አጥብቀው ይያዙልኝ ብላኛለች። እኔ ግን በዚያ ብርድ ውስጥ የማስበው ሌላ ነው። አሁን በእሷ ውስጥ ማኅተሙ ላልቷል፤ ለመጨረሻ ጊዜ የተነበበው እናቷ ሆድ ውስጥ ሳለች የነበረ ገጽ ተከፍቶ ማንም ያላዘዘው ጸሐፊ እየገለበጠው ነው። እጆቿ እንዴት ይበጁ እንደነበር የሚናገረው ገጽ። ሽማግሌ ሲፈራ እንዲህ ያለ ነገር ያስባል።

ስደርስ ሣጥኑ ከቤተ ክርስቲያኑ ጽድ ሥር ወርዷል። ይኸነው ወረቀት ይዞ መጣ።

«የሕይወት ታሪኳን እርስዎ ያንብቡልን ጋሼ። አብረው የሠሩ እርስዎ ብቻ ነዎት። እኔ ድምፄ አይወጣልኝም።»

እምቢ ልል ነበር። ሕዝቡ ግን ዞሮ እያየኝ ነው። መነጽሬን አድርጌ ጀመርሁ። የተወለደችበትን ቀበሌ፣ የተማረችበትን ትምህርት ቤት አነበብሁ። ከዚያ እንዲህ የሚል መጣ፤ «ለሦስተኛ ዲግሪዋ ምርምር ስታደርግ ቆይታ፣ ሥራው በእጇ ስለተበላሸባት ወደ ትውልድ አገሯ ተመልሳ...»

ቆምሁ። ሰዉ ልቅሶ አነቀው ብሎ አዘነልኝ። አንድ ሰው ውኃ ሊያመጣልኝም ተነሣ።

«ይሄ ውሸት ነው» አልሁ። ይኸነው ቀና አለ። «የጻፈው ሰው አልዋሸም፤ እሷም እንዲሁ ታምን ነበር። ግን ውሸት ነው። ሥራዋ በእጇ አልተበላሸም። ያበላሸሁት እኔ ነኝ። በሌለችበት ቀን ፈርቼ ገባሁና ከምትቀላቅልበት ጠርሙስ ውስጥ መግባት የሌለበትን ጨመርሁ። ሁለት ዓመት የደከመችበት ሁሉ በእኔ ምክንያት ጠፋ። ውጤቷ እውነት ነበር፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ሰው ውሸታም ሲላት ሰምቼ ዝም አልሁ። እጇን እስኪላጥ ስትታጠብ ፎጣ አቀብላት ነበር።»

ውኃ ሊያመጣ የተነሣው ሰው መልሶ ተቀመጠ። አንድ ቄስ ሳል አሉ። ይኸነው ወረቀቱን ከእጄ ቀስ ብሎ ወሰደውና አጣጠፈው፤ ፊቴን አላየም። ከዚያ ቀን በኋላም አናግሮኝ አያውቅም፣ አልፈርድበትም።

እናቷ በሁለት ሴቶች ተደግፈው ነበር። ትንሽ፣ ቀጭን፣ እንደ ልጃቸው አንገታቸውን ዘንበል የሚያደርጉ ሴት ናቸው።

«ምን አሉ?» አሉኝ። «እጇ አልነበረም ነው የሚሉት?»

«አልነበረም እመይቴ። የእኔ እጅ ነው።»

«አራት ዓመት ሊጥ አልነካችልኝም» አሉ። የሚናገሩት ለእኔ አይመስልም። «የወንድሟን ልጅ ክርስትና አላነሣችም። ሕፃኑን ሲሰጧት እጇን ወደ ኋላዋ ታደርጋለች። 'እኔ የነካሁት ይጠፋል እማዬ' ትለኛለች። ዓይነ ጥላ ነው ብዬ ያልወሰድኋት ቦታ የለም። ትላንትና ስገንዛት ነው እጇን የያዝሁት።»

ከዚያ ወደ ሣጥኑ አዩ፣ ወደ እኔም አዩ።

«አሁን ቢነግሯት ይሰማታል?»

ሰዓቴን አላየሁም። ማየት አላስፈለገኝም። አዎ ማለት ምንኛ ቀላል ነበር፤ ሴትዮዋም ያምኑኝ ነበር፣ እኔም መንገዱን ሙሉ ለራሴ ስነግረው የመጣሁት እሱን ነው። ግን አንዴ በዚህች ልጅ ላይ ስለፈራሁ ብቻ ያደረግሁትን አውቃለሁ።

«አይሰማትም እመይቴ» አልሁ። «ራሷ ናት ያስተማረችኝ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። የደገፏቸውን ሴቶች እጅ አላቀቁና መንገድ ለቀቁልኝ።

«ባይሰማትም ይንገሯት» አሉ። «እኔ ልስማው።»

ሄድሁ። ለመንበርከክ አንዱ ጉልበቴ እሺ ሲል ሌላው እምቢ አለ፤ እንደምንም ወረድሁ። አፌን ወደ ሣጥኑ አስጠግቼ «እጅሽ አልነበረም» አልሁ።

«ጮክ ይበሉ» አሉ እናቷ ከኋላዬ።